አልጋ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት

(ተራራ ላይ የተቆረቆረች ከተማ፤ አደባባዩ ዳር። የከተማዋ በዓል ስለሆነ በሕዝብ ከአፍ እስከ ገደፏ ሞልታለች፤ ርካሽ አልጋ በባትሪ ቢፈለግ አይገኝም። ሁለት የአክስትና የአጎት ልጆች ሻንጣቸውን በጀርባቸው አዝለው ቆመዋል። ታላቁን ዘመዶቹ ሁሉ «ሊቁ» ይሉታል፤ ሳይጠየቅ ይመልሳላ! ታናሹ «ፈዜ» ነው፤ ተጠይቆም ቶሎ አይመልስም።)

ሊቁ፦ እዚህ ከፍታ ላይ በአፍህ አትተንፍስ አልኩህ!

ፈዜ፦ አፍንጫዬ ተደፍኗል፤ በምኔ ልተንፍስ ታዲያ?

ሊቁ፦ እኔን እይ። (ያለከልካል) ምንም... አልሆንኩም... እኮ።

ፈዜ፦ ከንፈርህ ጠቁሯል፣ ወንድም ጋሼ።

ሊቁ፦ ከንፈሬን ተወው! ትናንት መናኸሪያ ወንበር ላይ አድሬ ወገቤ ተቆርጧል። ዛሬም አልጋ ካጣሁ ሰው አልሆንም።

ፈዜ፦ ያቺን ብርቱካን ሻጭ ብንጠይቃትስ?

ሊቁ፦ ብርቱካን ሻጭ ስለ አልጋ ምን ታውቃለች? ይልቅ ሰልፉን እይ፤ ቁጥር እያደሉ ነው።

ፈዜ፦ የምን ቁጥር?

ሊቁ፦ የአልጋ ነዋ! ለበዓል እንግዳ ነፃ ማረፊያ አዘጋጅተዋል። ሁሉም ሸራ ጫማ ነው ያደረጉት፤ መንገደኞች ናቸው።

(ሊቁ ሊሰለፍ ሄደ፤ ፈዜ ወደ ብርቱካን ሻጯ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሊቁ 214 የተጻፈበት ጨርቅ ደረቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ አስይዞ ተመለሰ። የቤት ካርታ የተሰጠው ነው የሚመስለው።)

ፈዜ፦ ምን አሉህ?

ሊቁ፦ «ልብህ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አቤት መስተንግዶ! ከዚያ አስፈረሙኝ።

ፈዜ፦ ወረቀቱን አነበብከው?

ሊቁ፦ «በራሴ ኃላፊነት» ይላል። ዕቃ ቢጠፋ ማለት ነው፤ የትም ያለ ነው።

ፈዜ፦ ታዲያ ሰዎቹ እግራቸውን ለምን ያፍታታሉ?

ሊቁ፦ መኪና ላይ ተቀምጠው ደንዝዘው ነዋ!

ፈዜ፦ ያኛውስ ለምን ይዘላል?

ሊቁ፦ በርዶት! አንተ ልጅ፣ ጥያቄህ አያልቅም?

ፈዜ፦ እንዴ፣ ሁሉም መንገዱ ላይ ወደተወጠረው ገመድ ሄዱ እኮ።

ሊቁ፦ በሩ ሊከፈት ነው! ሻንጣዬን ያዝልኝ፤ ቀድሞ የገባ ጥሩውን አልጋ ይመርጣል።

(በክርኑ እየገፋ ሄዶ ከሁሉ ፊት ቆመ። ደስ ብሎታል፤ ዛሬ ፍራሽ ላይ ሊተኛ ነው።)

ፈዜ፦ (ከገመዱ ውጭ ሆኖ) ወንድም ጋሼ! ይሄ እኮ ሩጫ ነው! እስከ ተራራው ጫፍ!

ሊቁ፦ (ቀና ብሎ አየ፤ መንገዱ ደመና ውስጥ ይገባል) ምን አልክ?

ፈዜ፦ ብርቱካን ሻጯ ናት የነገረችኝ።

ሊቁ፦ አንተ ጉደኛ! ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?

ፈዜ፦ ስንቴ ጠየቅኩህ? አንተ ሁሌም መልስ አለህ፤ እኔ ምን ላድርግ?

ሊቁ፦ (ወደ ኋላ ሊመለስ ዞረ፤ ሦስት መቶ ሰው ቆሟል) ወይኔ! አልጋዬስ?

ፈዜ፦ አልጋማ ተገኘ። የብርቱካን ሣጥኖቿን ካራገፍኩላት ሴትዮዋ ክፍል ልትሰጠን ነው። ሁለት አልጋ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ አለው። አሁን በጭነት መኪናዋ ልንሄድ ነው።

ሊቁ፦ እሰይ፣ እግዜር ይስጣት! ቤቷ የት ነው?

ፈዜ፦ የሩጫው ማለቂያ ጋ።

ሊቁ፦ በል መኪናው ላይ ቦታ ያዝልኝ!

(ፊሽካው ተነፋ። ሕዝቡ ሊቁን እየገፋ ይዞት ተነሣ።)

ፈዜ፦ (እጆቹን በአፉ ግራና ቀኝ አድርጎ እየጮኸ) ይዤልህ ነበር እኮ! ሴትዮዋ ግን ከፊት ቆመህ ስታይህ፣ «እሱማ ሊያሸንፍ ነው የመጣው» ብላ ቦታህ ላይ ብርቱካን ጫነችበት!