ለዶኛ ኤዱቪሂስ ተስማሚ ቤት መራጭ ኮሚቴ

የሰው ልጅ ከኮሚቴ የሚበልጥ ነገር እስካሁን አልፈጠረም። ይህን እውነት ከሁሉ ቀድሞ የተረዳው፣ በቫልፓራይሶ ወደብ ጉምሩክ ሠላሳ አራት ዓመት አገልግሎ በክብር ጡረታ የወጣው ሪጎቤርቶ ሳልዲቪያ ነው። እናቱ ዶኛ ኤዱቪሂስ ጋዙን ከፍተው ሳይለኩሱ ትተው፣ በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወርደው፣ ከሞቱ ሃያ ዓመት የሆናቸውን ባላቸውን ሲፈልጉ ተገኙ። ሪጎቤርቶ እንደ ተራ ልጅ አልደነገጠም። «ለእናታችን ተስማሚ የእንክብካቤ ተቋም ዓይነት መራጭ ኮሚቴ» የሚባል አቋቋመ። ሊቀ መንበሩ ራሱ ሆነ። ጸሐፊም ራሱ። አባላቱ ከአንቶፋጋስታ በስልክ የምትሳተፈው እህቱ ግሪሴልዳና ታናሽ እህታቸው ሚሬያ ነበሩ።

ሚሬያ ፀጉር ቤት ትሠራለች፤ እናቷን የምታጥበውም የምታበላውም እሷ ናት። በዚህም የተነሣ ለጉዳዩ ቅርበት ስላላት ስሜታዊ ልትሆን ትችላለች ተብሎ ድምፅ እንዳይኖራት በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ።

ኮሚቴው በአራት ወር ዘጠኝ ጊዜ ተሰብስቦ አንድ ተቋም አገኘ። ተቋሙ ሁለት ቤት አለው። አንደኛው በሩ ክፍት ነው፤ ሰዎቹ አንድ ገበታ ከበው እየተጨቃጨቁ ይበላሉ። ሁለተኛው፣ ጊዜና ቦታ ለጠፋባቸው የተሠራው፣ በውጭ በኩል ይቆለፋል። ሪጎቤርቶ ሁለቱንም በጥልቀት መርምሮ የመኪና ማቆሚያቸው እኩል መሆኑን አረጋገጠ።

«እማዬ ሰው ካላየች ትሞታለች» አለች ሚሬያ። «የሚቆለፈው ቤት ከገባች ወር አትቆይም፤ እወቀው!»

«ይህን የሚወስነው የተቋሙ መመዘኛ ቅጽ ነው።»

ቅጹ የሚሞላው በዳይሬክተሯ በሴኞራ ኦርቴንሲያ ቢሮ ነበር። ቅጽ ባለበት ሪጎቤርቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ከእጃቸው ተቀብሎ እናቱን ይጠይቅ ጀመር።

«እማዬ፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

ዶኛ ኤዱቪሂስ በመስኮቱ አዩ። ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ወርዳለች፤ የግድግዳው ሰዓት በአገራችን አቆጣጠር ከቀትር በኋላ አምስት ላይ ነው። «ኦንሴ ነዋ!» አሉ ፈገግ ብለው።

በእኛ በቫልፓራይሶ ሰዎች ቋንቋ ኦንሴ አሥራ አንድ ማለት ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሚቀርበው ሻይና ዳቦም ኦንሴ ይባላል። ለምን እንደተባለ ዳቦው ትኩስ እስከሆነ ድረስ የሚጠይቅ የለም። ሪጎቤርቶ ሳጥኑ ውስጥ «11» ብሎ ጻፈ።

«ሪጎ! ሻይ ማለቷ እኮ ነው!»

«ሳጥኑ የሚቀበለው ቁጥር ነው።»

«ዳቦውና አቮካዶው የታለ እያለችህ ነው! አንተስ እሷ ያቀረበችውን ስትበላ አይደል ያደግከው?»

«ሚሬያ፣ ስሜታዊ አትሁኚ።» ደምሮ ቀንሶ አየው። «ስድስት ሰዓት ሙሉ ተሳስታለች። የሚቆለፈው ቤት ነው የሚገባት። ምን ዓይነት ትክክለኛ ቅጽ ነው!»

«እኔም በሐሳብ አብሬያችሁ ነኝ» አለች ግሪሴልዳ በስልክ።

ሴኞራ ኦርቴንሲያ ወረቀቱን ነጠቁትና ቁጥሩን ሰረዙ። «እኔም ኦንሴዬን አልጠጣሁም፤ ታዲያ በእኔም ላይ ሊቆልፉብኝ ነው? ክፍቱ ቤት ይገባሉ። ግን ደንብ አለን፤ በሳምንት ሦስት ቀን ከቤተሰብ አንድ ሰው መጥቶ አብሯቸው ሻይ ይጠጣል። ይህ ካልተሟላ ወደ ሌላው ቤት ነው።»

«ሰኞና ረቡዕ እኔ አለሁ» አለች ሚሬያ። «አንድ ቀን ብቻ ቀረ። ሪጎ፣ ሐሙስ?»

«ሐሙስ ኮሚቴው ይሰበሰባል።»

«ስለ ምን?»

«ስለ እማዬ ነዋ!»

«ግሪሴልዳ፣ አንቺስ? በወር አንዴ እንኳ?» የአንቶፋጋስታ መስመር ልክ እዚህ ላይ ተቋረጠ፤ የቴክኒክ ችግር ነው።

ሴኞራ ኦርቴንሲያ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ቤተሰባቸውን ለረሱ ሰዎች ቦታ አለን» አሉ። «ቤተሰባቸው የረሳቸው ግን ያንን የሚቆለፈውን ቤት ሊሞሉት ነው።» ሪጎቤርቶ ይህንንም በቃለ ጉባኤው መዘገበ።

ሚሬያ በወንድሟ ፈንታ አፈረች። የቀራት ቀን ቅዳሜ ብቻ ነበር፤ ቅዳሜ ደግሞ የፀጉር ቤቱ ዋና ገበያ ነው፤ አሠሪዋ እንደማትለቃት ታውቃለች። ቢሆንም እስክሪብቶውን አንስታ በቅጹ የጠያቂዎች ዝርዝር ሦስተኛ መስመር ላይም የራሷን ስም ጻፈች።

ሪጎቤርቶ ተነሣ፤ ኮቱን ቆለፈ። «በኮሚቴው ያላሰለሰ ጥረትና በአባላቱ የተቀናጀ ርብርብ» አለ፣ «ለውድ እናታችን ተገቢውን ቤት በሙሉ ድምፅ መርጠን ተልእኳችንን በስኬት አጠናቀናል!»

ዶኛ ኤዱቪሂስ ንግግሩን እስከ መጨረሻው በአክብሮት አዳመጡ። ከዚያ ጠጋ ብለው የኮቱን ኮሌታ አስተካከሉለት።

«እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው ነዎት!» አሉት። «እናት አለዎት?»

«አ... አለችኝ።»

«በሕይወት?»

«አዎ፣ በሕይወት።»

«ታዲያ እዚህ እኔ ጋ ምን ይሠራሉ? ሄደው አይጠይቋቸውም?»