ፊርማ ያጣው ደብዳቤያችን

እኛ መንግሥትን መምከር እንወዳለን። አገር ቤት ሳለን አባቶቻችን ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ ስለነበሩ ማን እንደሚነግሥ፣ ማን ማንን እንደሚያገባ፣ ማንስ እንደሚፋታ ቃላቸው ሳይሰማ የቀረበት ጊዜ ጥቂት ነው። ይኸው አመል ከሻንጣችን ጋር ተጭኖ ኦስሎ ገባ። እዚህ ያለው መንግሥት ምክራችሁን መቼ ጠየቀ ብትሉኝ፣ ጠይቆ አያውቅም። ስላልጠየቀ ግን አንነፍገውም።

ባለፈው የካቲት የሰበካ ጉባኤያችን የቤተሰብ ጉዳይ ንዑስ ኮሚቴ ለኖርዌይ የቤተሰብ ሚኒስቴር ደብዳቤ ሊልክ ተነሣ። አሥራ አንድ ወንዶች ነን። ሴት የለችበትም፤ ሴቶቹ የቤተሰብ ሥራ በዝቶባቸው ወጥ ቤት ነበሩ። ጉዳዩ ፓፓፐርም ነው፤ አባት ቤት ውሎ ሕፃን እንዲይዝ ለእሱ ብቻ የተመደበ፣ ለሚስት የማይተላለፍ ፈቃድ። ይህ የአባወራን ክብር ያፈርሳልና ይቅር፣ ሁሉም ለእናት ይሰጥ ይላል ደብዳቤያችን። ኖርዌጂኛዬ ደህና ነው ተብሎ ትርጉሙ እኔ ላይ ወደቀ፤ እኔም፣ ምን እዋሻችኋለሁ፣ አፌን ዘግቼ ተረጎምኩ። የምንሰበሰብበትን አዳራሽ በነጻ የፈቀደችልን የሰፈሩ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሴት መሆኗን በቃለ ጉባኤው ያስመዘገበ የለም።

አሁን ሰብሳቢያችንን ላስተዋውቃችሁ። መኮንን ይባላል፣ ሆልምሊያ የሚባል የኦስሎ ሰፈር ነዋሪ ነው። ያን የሚያህል ደብዳቤ ለማርቀቅ ጊዜ ከየት ያገኘ ይመስላችኋል? ፓፓፐርም ላይ ስለነበረ ነዋ። ለፊርማው ቀን እንኳ የመጣው የዘጠኝ ወር ልጁን በጋሪ እየገፋ ነው። አብረውን የተቀመጡት የነፍስ አባቱ፣ በዕድሜያቸው ልጅ አቅፈው የማያውቁ መነኩሴ፣ መጀመሪያ አንተ አርአያ ሁን፣ ፈቃዱን ትተህ ከሰኞ ጀምሮ ሥራህ ግባ፣ ከዚያ ፈርም አሉት። አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ።

ባለቤቱ ጽጌ ግን ሰኞ የሙያ ፈተና አለባት። አረጋውያን እያጠበችና እያጎረሰች ሁለት ዓመት የለፋችበት ፈተና ነው፤ ከቀረች ቋሚው ሥራ ለሌላ ይሰጣል። መኮንን ይህን እያወቀ ነው እሺ ያለው። እስካሁን ያናድደኛል።

በዚህ መሐል ልጅቷ ቆሸሸች። አሥሩ አባወራ ወረቀት ላይ አቀረቀርን። መኮንን ብቻ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ረቂቁን ወደ ጎን ገፍቶ፣ ጠረጴዛው ላይ አስተኛትና ዳይፐሯን በአንድ አፍታ ለወጠላት። የለመደ እጅ ያስታውቃል። ጽጌ ከሥራ ወጥታ ልጇን ልትወስድ የገባችው ያኔ ነው። ነገሩን ሰማች፤ ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም።

«ይፈርም፣ አባ። ሰኞ ልጄን ከእናንተ ማን እንደሚይዝልኝ ብቻ ይንገሩኝ።»

መነኩሴው እኛን አዩ። እኛ ጠረጴዛውን አየን።

ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ አቋማችን ትክክል ነው፣ ፊርማው ግን የሰብሳቢው ፈቃድ እስኪያልቅ ይቆይ። በጸሎት ዘጋን።

ጽጌ ፈተናዋን አለፈች። መኮንንም ፈቃዱን ጨርሶ ሥራ ገባ፤ ደብዳቤው ግን የትም አልሄደም። ባለፈው ሳምንት ምክትል ሰብሳቢው ደወለልኝ። ሚስቱ ከወለደች ወራት ሆኗታል። የደብዳቤው ነገር ያሳሰበው መስሎኝ፣ አይዞህ እኔ ጋ አለ፣ አልኩት።

«እሱ ይቆይ» አለኝ። «የፓፓፐርሙ ቅጽ እንዴት ነው የሚሞላው?»