አልማዝ ሳትሞክረው

ሁሉን ሳይሞክር የማይለቅ ሰው ቢሮአችሁ ውስጥ አለ? እኛ አሰብ ወደብ ሳለን አልማዝ ነበረችን፤ ሻይ እንኳ ሳትቀምስ ለሰው አታቀብልም።

አንድ ቀን፣ ባለሙያዎች በነፃ እየተቀባበሉ የሚያሻሽሉትን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም አርሜ፣ ዲስኬቱን አዲስ አበባ ላሉ አስተማሪዎች እንዲያደርስልኝ ለሾፌር ልሰጥ ስሮጥ ያዘችኝ።

«ሞክረኸዋል?»

«አልማዝዬ፣ መኪናው ሊነሣ ነው እኮ!»

ቁጭ ብላ «አሰብ» ብላ ጻፈች። ኮምፒውተሩ «አብ» አለ። የእኔ እርማት «ሰ»ን ውጧታል!

«ከተማችንን ከሥላሴ ደመርካት!» አለችኝ። ሊያጣድፈኝ የገባው ሾፌር እንባው እስኪመጣ ስቆ፣ ወጥቶ ሞተሩን አጠፋልን። ስሕተቱን አብረን አርመን፣ እሷም ደግማ ሞክራ ላክነው።

በተመለሰ ጊዜ ሾፌሩ፣ «አስተማሪዎቹ ፈተና ጻፉበት፤ እግዜር ይስጥልን ብለውሃል» አለኝ።

«አልማዝ፣ ነይ ምስጋናሽን ተቀበይ!» ብዬ ተጣራሁ።