ክቡርነታቸውና ጥቁሯ ክላርኔት

አሮጌ መኪና ያለው ጎረቤት ቢበዛ «ግፉልኝ» ይላችኋል። አሮጌ ክላርኔት ያለው ጎረቤት ግን «እስኪ ቁጭ በሉ» ይላችኋል፤ ያኔ የወጣችሁበትን ጉዳይ እርሱት። እንዲህ ዓይነት ሰው በየሕንፃው አንድ አይጠፋም። ለእኛ ሕንፃ የደረሱን ጡረታ የወጡ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ናቸው፤ ልክ ከእኔ ቤት ሥር ነው የሚኖሩት። ከኋላቸው «ክቡርነታቸው» እንላቸዋለን። ከፊታቸውም ብለናቸው እናውቃለን፤ አልተቃወሙም።

ክላርኔቷን ያገኟት በሥራ ላይ ሳሉ ነው። ቆጣሪ ሊያነቡ አንድ ቤት ገብተው ቁም ሳጥን ሲገፉ፣ ከላዩ አንድ ጥቁር ሳጥን እግራቸው ላይ ወደቀ። የቤቱ እመቤት «የሟቹ ባለቤቴ ነው፣ ለእኔ አቧራ ከማጠራቀም በቀር የፈየደው የለም፣ ውሰደው» አሏቸው። ይህ የታሪኩ አጭሩ ክፍል ነው። ረጅሙ ክፍል ሟቹ ከማን አገኟት የሚለው ሲሆን፣ እሱ እንደ አየሩ ይለዋወጣል። በበጋ ከሰማችሁት የመርከብ ኦርኬስትራ ውስጥ ነበረች፤ በክረምት ከሰማችሁት የጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ ውስጥ። አንድ ቀን ይህን ጠቅሼ ያዝኳቸው ብዬ ነበር።

«ታዲያ ወታደር በመርከብ አይሄድም እንዴ» አሉኝ።

መቶ ዓመት አልፏታል ይላሉ፤ ስለዚህ እንደ አራስ ነው የምትያዘው። እጃችሁን ከዘረጋችሁ «ቀስ፣ ትደነግጣለች» ይሏችኋል። እንጨቷ ብርድ ከነካው ይሰነጠቃል፤ በመሆኑም ከመነፋቷ በፊት ሩብ ሰዓት ብብታቸው ሥር ትሞቃለች። ባለቤታቸው ይህን እያዩ አንድ ቀን «ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር፣ አንቺስ በርዶሻል ወይ ብሎኝ አያውቅም» ብለውኛል።

አፏ ላይ የምትታሰር ቀጭን የሸምበቆ ስንጣሪ አለች። ካልረጠበች ድምፅ የለም፤ መዘፍዘፊያዋ ደግሞ የክቡርነታቸው አፍ ነው። እሷን ጎርሰው ደረጃ ላይ ካገኙን ሰላምታ የሚሰጡን በቅንድባቸው ነው። የልጃቸው እጮኛ አባቱን ይዞ ሊያስተዋውቅ የመጣ ዕለትም ጎርሰዋት ነበር። እንግዳው «እንግዲህ ልጆቹ ከተዋደዱ እኛ ምን እንላለን» ቢሉ ክቡርነታቸው ዝም። «ወይስ ቅር ያለዎት ነገር አለ?» ቢሉ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት። ልጅቷ ልታለቅስ ስትደርስ ነው ስንጣሪዋን ከአፋቸው አውጥተው «ኧረ እኔ ደስ ብሎኛል፣ ገና አልረጠበችም ብዬ ነው» ያሉት።

በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ምሳ የበላ ሰው ጋደም በሚልበት ሰዓት፣ ይነፋሉ። የሚያውቁት አንድ ዜማ ነው፤ ልጃቸው ሕፃን ሳለች ሲያስተኟት ራሳቸው ያወጡት። እሷ ተኝታበት ሊሆን ይችላል። እኛ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልተኛንበትም። አንድ ሰሞን የተቃውሞ ፊርማ ተሰባስቦ ነበር፤ ደብዳቤውን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ዘመን የሚነፉት ግን ብቻቸውን፣ በራቸውን ዘግተው ነው። የሠርጉ ቀን ሲቆረጥ እቤቴ ድረስ መጥተው ዜማውን ለልጃቸው ከባንዱ ጋር ሊነፉላት እንደወሰኑ ነገሩኝ።

«ለአንድ ቀን እንኳ ከሰው ጋር መጫወት እፈልጋለሁ» አሉ። ልቤ ተነካ፤ ልምምድ ቦታው ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ።

ባንዱ ሦስት ሰው ነው፤ አኮርዲዮን፣ ሳክስፎንና ከበሮ። አለቃው አኮርዲዮን ተጫዋቹ ነው። ዜማውን ወዲያው ያዘውና አብረው ጀመሩ። ዘይት የራቃቸው ሁለት በሮች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ የሚሰማው ድምፅ ተሰማ።

«አባባ፣ ክላርኔትዎ ከፍ ብላለች» አለ ባለአኮርዲዮኑ።

«እናንተ ናችሁ የወረዳችሁት» አሉ ክቡርነታቸው።

ድምፅዋ እንዲወርድ መገጣጠሚያዎቿን ሳብ ሳብ አደረጉ። አንዱ ድምፅ ሲወርድ ሌላው እምቢ አለ። በመጨረሻ ባለአኮርዲዮኑ በአክብሮት ተቀብሎ አገላብጦ አያት።

«ድሮ አንዳንድ ባንዶች ከዛሬው ከፍ አድርገው ነበር የሚቃኙት። ይቺ የዚያን ጊዜ ናት። ጥሩ ዕቃ ናት፣ ከዛሬ መሣሪያ ጋር ግን አትገጥምም። የእኔ አኮርዲዮን ደግሞ ከፋብሪካው ተቃኝቶ የወጣ ነው፣ ምን ላድርገው?»

ክቡርነታቸው ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ይሄንን እኮ አውቀዋለሁ» አሉ። «ለስንቱ ሰው አስረድቻለሁ። ብቻዬን ስለምነፋ ነው መሰለኝ፣ ለእኔም ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።»

እውነት ነው፤ እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ መርከብም ስለ ሠራዊትም ምንም አላሉም። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሕንፃው ጭጭ አለ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ለዓመታት የተመኘሁትን ጸጥታ አግኝቼ አልጋዬ ላይ ስገላበጥ ዋልኩ። መናገር ያሳፍራል እንጂ ናፍቀውኝ ነበር።

የሠርጉ ዕለት ባዶ እጃቸውን መጡ። ሙሽራዋ ከመቀመጫዋ ተነስታ ቀሚሷን ሰብስባ እኛ ጠረጴዛ ድረስ መጣች።

«አባዬ፣ ክላርኔትህስ?»

«ቤት ናት። ከእነሱ ጋር አትሄድም፣ ልጄ።»

ይሄኔ ከጠረጴዛው ሥር ሳጥኑን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጠዋት ከባለቤታቸው ተቀብዬ በኮቴ ሸፍኜ ነበር ያመጣኋት። ደብዳቤ ያረቀቀ እጅ ይህን ይሠራል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ሙሽራዋ ወደ ባለአኮርዲዮኑ ዞራ «እናንተ ትንሽ እረፉ» አለችው።

ክቡርነታቸው ቆመው ብቻቸውን ነፉ። መጀመሪያ ላይ ሁለት ጊዜ ሲጥ አለችባቸው፤ አዳራሹም አንገቱን ደፋ። ዜማው ሲደገም ግን ከአጠገቤ አንድ ሰው ማንጎራጎር ጀመረ። የሕንፃችን የሦስተኛ ፎቋ ነርስ ናት። ከዚያ ዘበኛችን ቀጠለ። ከዚያ እኔ። የሰው ጉሮሮ ፋብሪካ አልቃኘውም፤ ወደመሩት ይሄዳል። እኛ ደግሞ አስራ ዘጠኝ ዓመት በወለልና በግድግዳ ስንመራ ኖረናል፤ የቱ ጋ እንደሚወጣ፣ የቱ ጋ ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው ጭምር እናውቀዋለን። ከሕንፃችን የመጣ አስራ ሰባት ሰው አንድም ሳይሳሳት ዘመረ። ሙሽራዋ አባቷ ፊት ቆማ እያለቀሰች ታዜም ነበር። ከበሮ መቺው ወደ ባለአኮርዲዮኑ ጠጋ ብሎ «እነዚህ ሰዎች የት ነው የተለማመዱት?» ሲል ሰማሁት።

ክቡርነታቸው ሲጨርሱ ከሙሽራዋ እቅፍ ወጥተው፣ ዓይናቸውን እየጠራረጉ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። ምስጋና ነው ብዬ ተነሳሁ።

«ሁለተኛው ዙር ላይ ቀደማችሁኝ» አሉ። «ነገ ዘጠኝ ሰዓት ሁሉንም ይዘህ ና፣ እናስተካክለዋለን።»

ነገ እሑድ ነው። የምተኛበት ቀን ነው። እሺ አልኳቸው።