ጋሽ ላቀው እና በረዶ የሆነው ሟች

ከሐኪሙ ቀድሞ የማይመረምር የሆስፒታል ዘበኛ ካለ፣ ገና አልተቀጠረም ማለት ነው። ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ ካርድ ሳታወጡ በር ላይ አስቁመው ፊታችሁን ያዩና "ይኼ ጉበት ነው" የሚሉት ናቸው። የኛው የደባርቁ ሊቀ ሊቃውንት ጋሽ ላቀው ደግሞ የሁሉም ቁንጮ ናቸው። ተመድቤ የመጣሁ ዕለት ዲግሪዬን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ጫማዬን አዩና "ይኼ እዚህ አይከርምም" አሉ። በሦስተኛው ሳምንት ሶሉ ተገንጥሎ ወደቀ።

ፈሊጣቸው አንድ ናት፦ "እኔ ምን አውቃለሁ፤ ግን..." ሰውን የሚያሳብደው ከ"ግን" በኋላ የሚመጣው ነው። "እኔ ምን አውቃለሁ፤ ግን ይቺ ሴት መንታ ነው የያዘች" ይላሉ። አልትራሳውንዱ አንድ ነው ይላል፤ ሁለት ይወለዳሉ። "እኔ ምን አውቃለሁ፤ ግን ይኼ መኪና በዚህ ፍሬን ሊማሊሞን አይወርድም" ይላሉ። ሹፌሩ ስቆባቸው ይወጣል፤ ከሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ ሆኖ አድኑኝ ብሎ ይደውላል። እኔ ግን ጎንደር ስድስት ዓመት ሕክምና የተማርኩ ሰው ነኝና እየሰማሁ እንዳልሰማ በሩን አልፍ ነበር።

አንድ የኅዳር ጠዋት ፖሊስ ከጃናሞራ መንገድ አስከሬን ይዞ መጣ። ሟቹ ያርጋል የሚባል የበግ ነጋዴ ነው። ፀሐይ በማይደርስበት ገደል ስር ብዙ ቀን ውርጭ መትቶት በረዶ ሆኖ እንደ ግንድ ደርቋል። ጋቢውና ኮቱ ከአጠገቡ ወድቀው ተገኝተዋል። በግጦሽ መሬት የተጣላው ጎረቤቱ ገዱ በግድያ ተጠርጥሮ ታስሯል። የገዱ ሚስት ማንጠግቦሽ ሕፃን አዝላ በሩ ስር ተቀምጣለች፤ የሟች ወገኖች ከማዶ ቆመዋል። ሁሉም የሚጠብቀው የእኔን ወረቀት ነው።

የመጀመሪያ የግድያ ምርመራዬ ነውና ደረቴ ተነፋ። ራጅ ባነሳው የራስ ቅሉ ተሰንጥቋል። ልብሱ ተገፏል፣ ቅሉ ተሰንጥቋል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ? "በጠንካራ ነገር ተመትቶ" ብዬ ረቂቁን ጀመርኩ። ሬሳው ቢላ አላስገባ ሲለኝም፣ ቶሎ እንዲሟሟ ሁለት ማንደጃ ከሰል አስመጡልኝ አልኩ።

ፍሙን ይዘው የመጡት ጋሽ ላቀው ነበሩ። ከበሩ ግን አላለፉም።

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ ግን ዶክተር፣ በፍም ካሞቁት ላዩ ይሸታል፣ ውስጡ በረዶ እንደሆነ ይቀራል። በቀዝቃዛ ክፍል ይደር፤ በረዶው ቀስ ብሎ ይልቀቀው።"

"ቤተሰቡ ዛሬ እንቀብራለን እያለ ነው እኮ ጋሼ! ደግሞስ ራሱ ተሰንጥቋል፤ ተመትቷል።"

"ውሃ የሞላ እንስራ ውጭ አድሮ ውርጭ ሲሰነጥቀው፣ ማን መታው ይባላል?"

በረዶ የሆነ አንጎል አብጦ የራስ ቅል እንደሚሰነጥቅ መጽሐፌ ላይ ነበር፤ ለፈተና አንብቤው ከፈተናው ጋር ረስቼዋለሁ። "ልብሱንስ ማን ገፈፈው?" አልኩ፣ እልህ ይዞኝ።

ጋሽ ላቀው ለመጀመሪያ ጊዜ "እኔ ምን አውቃለሁ" ሳይሉ ተናገሩ። "ወንድሜን ጥበብን በዚያው መንገድ ራቁቱን ሞቶ አገኘሁት። ብርድ ሊገድል ሲል ያቃጥላል፤ ሰው ልብሱን በገዛ እጁ ያወልቃል። ይኼን ከበረዶ የተረፈ ሰው ሲያወራ የሰማሁት ኋላ ነው። ያኔ ግን ገፎ ገደለው ብለን ጎረቤታችንን ከሰስን። የመሰከርኩበት እኔው ነኝ። ስምንት ዓመት ታሰረ። ዛሬም ገበያ ላይ ሲያየኝ መንገድ ለቆልኝ ያልፋል።"

ፍሙን መልሰው ይዘው ሄዱ። ለሟች ወገኖችም "እኔ ምን አውቃለሁ፤ ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አሏቸው፤ እነሱም እሺ ብለው ሊጠብቁ ተቀመጡ። እኔ ብላቸው ኖሮ ድንጋይ ያነሱብኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን በረዶው ለቀቀው። የራስ ቆዳውን ከፍቼ ስንጥቁን አየሁ። በሕይወት እያለ የተመታ ሰው ይደማል፤ እዚያ ግን ጠብታ ደም አልነበረም። ሰውነቱ ላይም ሌላ የዱላ ምልክት አጣሁ። ረቂቄን ቀድጄ "የገደለው ብርድ ነው" ብዬ ጻፍኩ።

ፍርድ ቤት ቆሜ ሳስረዳ ዳኛዋ "ይህን ሁሉ ከየት አወቅህ?" አሉኝ። ጋሽ ላቀው ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። እውነቱን ልናገር ነበር፤ ነገር ግን ሕዝቡ በአድናቆት አየኝ።

"ከመጽሐፍ ነው፣ ክብርት ዳኛ" አልኩ።

ገዱ በነጻ ተለቀቀ። ማንጠግቦሽ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትመጣ መግቢያ ጠፋኝ። ደረጃው ላይ ጋሽ ላቀው ጠበቁኝና ትከሻዬን ቸብ አደረጉኝ።

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ ግን ደህና መጽሐፍ ነው ያነበቡት።"

ያን ዕለት ወደድኳቸው፤ አፍሬም ወደድኳቸው። ዛሬ አስከሬን ሲመጣ ቢላዬን ከማንሳቴ በፊት እስከ በሩ እሄዳለሁ።

"እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ፤ ግን እስኪ ገባ ብለው ይዩልኝ።"