የመንግሥት ዋስ

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የነገሩኝ ሐጂ ቃሲም ናቸው፤ አሰላ ገብስ ተራ የሚነግዱት ጎረቤቴ። መጀመሪያ ስል ተሳሳትኩ። ሌላ የነገረኝ ሰው ስለሌለ፣ መጀመሪያውም መጨረሻውም እሳቸው ናቸው።

ስለ ቅኝ አገዛዝ ማብቂያ የተጻፈ ታሪክ እወዳለሁ፤ በተለይ እንደ ወግ የሚተርከውን። ለዓመታት ያስተማርኩት ግን ሌላውን ዓይነት ነው። አንዱ ባንዲራ ወረደ፣ ሌላው ተሰቀለ፣ ደወል ተደወለ፤ በቃ። የጎተራው ቁልፍ ማን እጅ ቀረ? ይህን የጠየቀኝ ተማሪ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ሐጂ ያውቃሉ። ቅኝ ገዥው የጢቾን ከተማ ሲለቅ... ይታረምልኝ፤ እኛ ተወረርን እንጂ ቅኝ አልተገዛንም። ጣሊያን ጢቾን ሲለቅ፣ ሹሙ የጎተራውን ቁልፍ ለዘበኛው ሰጥቶ ሄደ። ዘበኛው የሐጂ አባት ነበሩ። ውስጥ ያለው ከገበሬው የተሰበሰበ ገብስ ነው። አደራ ነውና ቆልፈው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

አርበኞች ደረሱ። እኛ መንግሥት ነንና ቁልፉን አምጣ አሏቸው። እሳቸውም ለማያውቁት ሰው የሚባለውን አሉ፦

«ዋስ ጥሩ።»

መንግሥት ዋስ ሲጠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጠመንጃ የያዘው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ ይላሉ ሐጂ። በመጨረሻ ሁለቱም ወገን የሚያምኗቸው አንድ ገበሬ ከገበያው መካከል ተጠርተው፣ ካጠፉ እኔን ጠይቁኝ አሉ። ቁልፉ ተሰጠ።

ገበሬው አያቴ ነበሩ።

ጣጣው እዚህ ላይ ይጀምራል። አያቴ ዋስትናውን ሳያወርዱ ሞቱ። ሐጂ ደግሞ ዋስትና ለልጅ ልጅ ያልፋል ባይ ናቸው፤ የመንግሥት ዋስ አሁን እኔ ነኝ ማለት ነው። ውሃ በተቋረጠ ቁጥር ባዶ ጄሪካን ይዘው ደጄ ይቆማሉ፤ «መምህር፣ ሰውዎን ይጥሩልን።»

ታሪኩን ይጻፉልኝ ይላሉ። ልጆቻቸው ተረት ነው እያሉ ይስቁባቸዋል፤ እሳቸው ካለፉ አባታቸው ዳግም የሚሞቱ ይመስላቸዋል። የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? እኔን ያስፈራኝ መወረሱ ነው። ስለዚህ ማስረጃ የለም እያልኩ ቆየሁ። የለም እንኳ አላልኩም፤ እስኪገኝ አልኩ። እስኪገኝ ማለት አልጽፍም ማለት መሆኑን መምህር የሆነ ሁሉ ያውቃል።

ባለፈው ሳምንት ሐጂ ታሪኩን ጀምረው መሐል ላይ ቆሙ። «መምህር፣ አባቴ የተቀመጡበት ደጃፍ ወዴት ነበር የሚያየው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ወደ ገበያው» አልኳቸው።

ጢቾ ያን ጊዜ አልነበርኩም፤ አልተወለድኩም፤ ይህን የነገሩኝ እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ቤቴ ገብቼ መጻፍ ጀመርኩ።

ዛሬ ጨርሼ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙና መልካም ነው አሉ። ከዚያ፣ «ግን መምህር፣ ለዚህ ጽሑፍ ዋሱ ማነው?»

ማንን ልጥራ? እሳቸውኑ ጠራሁ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተቀበሉ።

እንግዲህ እዚህ ውስጥ ውሸት ያገኘ አንባቢ እኔ ቤት አይምጣ፤ ገብስ ተራ ሄዶ ሐጂን ይጠይቅ። ውሃ የተቋረጠበት ግን፣ ምን ይደረጋል፣ እኔው ዘንድ ይምጣ።