ውሃው የፍስክ የሆነ ዕለት

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። እኔ ደግሞ ያላዩት ተባይ ሆድ አይቆርጥም ባይ ነበርኩ። ሰው በሰላም በልቶ የሚያድረው ብዙ ነገር ስለማያይ ነው፤ አይደለም እንዴ? የምግብ ቤት ባለቤት ስትሆኑ ይሄ ፍልስፍና በጣም ይመቻችኋል።

ጁባ፣ ሀይ ጀላባ ሰፈር ያለችው ምግብ ቤቴ ነፍስ የምትዘራው በሁዳዴ ነው። የጁባ ሐበሻ ለሽሮና ለበያይነቱ እኔ ዘንድ ይጎርፋል፤ ዓመቱን የሚያሻግረኝም ይሄው ጾም ነው። ታዲያ አንድ ቀን ለምሳ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ጋትሉዋክ ከች አለ። አዲስ አበባ አድጎ አገሩ የተመለሰ፣ አማርኛው ከእኔ የሚሻል፣ ሕዝቡን ስለ ጤና የሚያስተምር ወጣት ነው። የያዘው ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚሉትን ጉድ ነበር፤ ሽቦው ከላፕቶፕ የተቀጠለ፣ የበያጅ ጭንብል የሚያህል መነጽር። ያጠለቀው ሰው ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይዋኛል፤ ጎሽ ጎሽ የሚያካክሉ ጀርሞችም ይመጡበታል። ዓላማው ከነጭ ዓባይ በቦቴ የሚመጣልንን ውሃ አፍልተን እንድንጠጣ ነው። ምን ከፋኝ? ጄኔሬተር አስነሣሁለት።

መጀመሪያ ያጠለቁት ወጥ ሠሪዬ እትዬ ብርቄ ናቸው። የፍስክ ማንኪያ ከጾም ማንኪያ ጋር አብሮ ካደረ ቤቱን ጸበል የሚያስረጩ ሴት! በስመ አብ እያሉ አየሩን በሁለት እጃቸው ሲከላከሉ ቆዩና አውልቀው ጋትሉዋክን ረጋ ብለው ይጠይቁት ጀመር። ሕይወት አላቸው ወይ? አላቸው አለ። ይበላሉ? እንዴታ። ይወልዳሉ? ሲባዙማ ለጉድ ነው! ትምህርቱ የገባቸው መስሎት ፊቱ በራ።

«እንግዲያው ውሃው የፍስክ ነዋ!» አሉ።

ኧረ አፍልተው ይጠቀሙ ሲላቸው ጭራሽ ባሰባቸው። ካፈላሁትማ መረቅ ሆነ ብለው ሽሮውን ከምድጃ አወረዱ። ጿሚው ሁሉ እጁን ሰበሰበ። አንዱ እስከ ዛሬ የጠጣሁት ንስሐ ያስገባል ወይ እያለ ሲጨነቅ፣ ሌላው ኸላስ፣ በቃኝ ብሎ ቢራ አዘዘ። ቢራው በምን እንደተጠመቀ የጠየቀ ግን የለም። ሁዳዴዬ ዓይኔ እያየ ሲፈርስ ላብ አጠመቀኝ።

ጋትሉዋክን ጥግ ወስጄ አንድ ነገር በላቸው ብዬ ለመንኩት። እሱም ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም፤ ዓይኑ ከምድጃ በወረደው ሽሮ ላይ ነው። ሳይንስና ረሃብ ሲታገሉ ማን እንደሚጥል ታውቁታላችሁ። ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ያያችሁት ሥዕል ብቻ ነው፣ የዚህ ቤት ውሃ ውስጥ ምንም የለም ሲል አወጀ።

እትዬ ብርቄ በዋዛ የሚታለሉ አይደሉም። ከበርሜሉ አንድ ጣሳ ሙሉ ቀዱ።

«እስቲ ጠጣልኝ፣ ልጄ።»

አየኝ። ወደ ጣሪያው አየሁ። ጨልጦ ጠጣው። ሽሮው ወደ ምድጃው ተመለሰ፣ እሱም እስኪጠግብ በላ፣ ሁዳዴዬም ተረፈችልኝ።

በማግስቱ ጉዴሌ ሰፈር ቤቱ ድረስ ልጠይቀው ሄድኩ። ሆዱን ይዞ አልጋው ላይ ተጣጥፏል፤ መነጽሩ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። እንዴት አደርክ ስለው ቀና እንኳ ሳይል፣

«ለካ ያለ መነጽርም ይታያሉ» አለኝ።